ባለነጠብጣቡ ወይስ እረኛው

ጥር 12

ቡችላ ላመጣ ነው! አዎ፣ እኔ! ውሻ ሲጮህ መንገድ የምሻገረው እህትሽ! ጋሼሽም እሺ ብሏል። እሺ እንኳን አላለም፣ «የፈለግሽውን አድርጊ» ነው ያለው፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ ይኼ እሺ ማለቱ መሆኑን ካላወቅሁ ምኑን አወቅሁት!

ይኸው ሰላምታዬን ረሳሁ። እንደምን ከረምሽ ሚጡዬ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ያ የባቡር ጣቢያው የትኬት መስኮትሽ አሁንም ብርድ እያስገባ ጀርባሽን ያሳምምሻል? እኛ ደህና ነን። የስፌት መኪናዬ ደህና ናት። ጋሼሽም ጋራዡም ደህና ናቸው፤ ሁለቱም ዘይት ዘይት ይሸታሉ።

ለጠየቅሽኝ መልሴ፣ አይ፣ አልተቀየምኩም። ልጄ ፋርማሲ ልትማር አንቺ ቤት ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እህቴ አስጠግታ አስተማረችልኝ ብዬ የምቀየም ሴት ነኝ? ግን እስኪ አንድ ነገር ልንገርሽ። የድንቡሼ የመጨረሻ ደብዳቤ አራት ገጽ ነው። ስለ ራሷ ሁለት መስመር። ስለ እኔ «እማ እንዴት ነሽ» የምትል ግማሽ መስመር። የቀረው በሙሉ ስለ ውሻሽ ነው። ሻለቃ ዛሬ በሩን በእግሩ ከፈተ። ሻለቃ ሦስት ኳስ በስማቸው ለየ። ሻለቃ ታምሜ ስተኛ ሦስት ቀን ከአልጋዬ ሥር አልነሣም አለ። ታማ ነበር እንዴ? የገዛ ልጄን መታመም በውሻ በኩል ልስማ?

ከዚያ ከፊርማዋ በታች፣ በጥቃቅን ፊደል፣ «በነገራችን ላይ፣ ጣቢያው አጠገብ ያለው ፋርማሲ ትምህርቴን ስጨርስ ሊቀጥረኝ ይፈልጋል። እስከ መጋቢት መጨረሻ መልስ ስጪን ብለውኛል» ትላለች። በነገራችን ላይ! ያንቺ ጣቢያ፣ ያንቺ መንገድ፣ ያንቺ ውሻ። አልቀናሁም። በምኑ እቀናለሁ? ብቻ አሰብኩ። ልጅቷን እዚያ አስሮ ያስቀራት ውሻ ከሆነ፣ ውሻ እኛንም አያቅተንም።

ሁለት ቦታ አግኝቻለሁ፣ ሁለቱም ጋ ቡችሎቹ በአንድ ሳምንት ነው የተወለዱት። አንደኛው የጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ነው፤ ዳልሜሽን ይሉታል፣ ያ ነጩ ባለ ጥቁር ነጠብጣቡ፣ ድሮ ከጋሪ ጎን ጎን ይሮጥ የነበረው። ሁለተኛው ከከተማ ወጣ ብሎ በግ አርቢው ዘንድ ነው፤ ያው እንደ ሻለቃሽ ቦርደር ኮሊ፣ እረኛው። ሁለቱም ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቁም አሉ። ጥሩ፤ እኔስ መቼ ዐውቃለሁ!

ትናንት ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። ስምንት ቡችላ፣ ስምንቱም እንደ አቡጀዴ ነጭ! «ነጠብጣቡ የታለ ዶክተር?» አልኩት። «ሲወለዱ እንዲህ ናቸው፣ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው የሚወጣላቸው» አለኝ። «ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፣ ወደፊት አበባ ያወጣል ተብዬ ጨርቅ ገዝቼ አላውቅም» ብለው ሳቀና «እስኪ አፍዎን ይክፈቱ» አለኝ። አንዱን መንጋጋዬን ጠርጥሮታል። ቡችላ ልመርጥ ሄጄ ቀጠሮ ይዤ ተመለስኩ።

እንግዲህ ውሻ ዐዋቂዋ አንቺ ነሽ፣ የቱን ልውሰድ? ቶሎ ጻፊልኝ። ስልክ እንዳትደውዪ፤ ስልክ ላይ እንጣላለን።

እትዬሽ

ጥር 22

እትዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? በመዘግየቴ ይቅርታ። የትኬት ክፍሉ ሰው ጎድሎበት ሁለት ፈረቃ እሠራለሁ።

ድንቡሼን የያዛት ጉንፋን ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ተነሥታለች። ያልነገርኩሽ በመጀመሪያው ባቡር እንደምትመጪ ስለማውቅ ነው። ለዚህም ይቅርታ።

ስለ ቡችላው፣ ባለነጠብጣቡን ውሰጂ። ኮሊ ላንቺ አይሆንም። ሻለቃ በቀን ሁለት ሰዓት ካልሮጠ መጋረጃ ይበላል። መሮጡ ብቻም አይበቃውም፣ ጭንቅላቱ ሥራ ይፈልጋል። የሚሰበስበው በግ ካጣ ሰው ይሰበስባል። ደንበኞችሽን ተረከዝ ተረከዛቸውን እያለ ጥግ ያስይዝልሻል። ዳልሜሽንም ቀላል ነው አልልሽም፤ ግን ጠዋት ጠዋት ጋሼ በብስክሌት ወደ ጋራዥ ሲሄድ ከጎኑ ሮጦ ይወጣለታል፣ ከዚያ እግርሽ ሥር ይተኛል። ስትመርጪ ከጀርባው አጨብጭቢ፤ ከእነሱ መሃል አንዳንዱ ጆሮው የማይሰማ ሆኖ ይወለዳል።

ፖስታው ውስጥ ለብቻ አጣጥፈሽ የከተትሻትን ቁራጭ ወረቀት አንብቤያታለሁ። እዚያ ላይ ለጠየቅሽኝ መልስ የለኝም። ፋርማሲውን በተመለከተ ልጅቷ ራሷ ትንገርሽ።

ሚጡ

ጥር 30

ሄድኩ! ሁለቱም ቤት ሄድኩ፣ ሁሉንም አየሁ፣ በሜትር ለክቼ ጻፍኩ፣ ወሰንኩም!

ሰላም ነሽ ወይ? እኔ ሰላም ነበርኩ፣ ደብዳቤሽ እስኪደርስ ድረስ። «ልጅቷ ራሷ ትንገርሽ» ማለት ምን ማለት ነው? እኔ እኮ ቀላል ነገር ነው የጠየቅሁሽ። ልጅቷ እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ ፋርማሲው እንዴት ሆነ ስላት «ገና ነው እማ» ትልና ከኋላዋ ውሻሽ ይጮሃል፣ «መጣሁ መጣሁ» ብላ ትዘጋዋለች። ለእሱ «መጣሁ»! ለእኔ «ገና ነው»!

ወደ ቡችላው ልመለስ። የሐኪሙ ቡችሎች ነጠብጣባቸው ወጥቷል፣ ሐኪሙ እውነቱን ነው። አንዱ ዓይኑ ላይ ጥቁር ክብ አለው፣ ሌላው ጅራቱ ላይ ሦስት ነጠብጣብ በተርታ፣ ልክ ቁልፍ የተተከለበት ይመስላል። ደስ ይላሉ፣ መዋሸት አልፈልግም። አጨበጨብኩ፤ ስምንቱም ዞሩ፣ ሐኪሙም ዞረ።

ቀጥሎ አርቢው ጋ ሄድኩ። በሩን እንዳለፍኩ እናትየዋ በሆዷ እየተሳበች መጣች፣ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ። አልጮኸች፣ አልነከሰች። እኔ ወደ ግራ ስል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስል ወደ ቀኝ። መጨረሻ ላይ ራሴን ከሁለት በጎች ጋር በረት ውስጥ አገኘሁት። ሰውዬው «አይዞሽ እህቴ፣ ሦስት መሆናችሁን ካረጋገጠች ትተዋችኋለች» አለኝ። እውነትም ተወችን።

ቤቴ ውስጥ ያልተከራከረ የለም። የደንብ ልብሷን ላሳጥርላት የምትመጣው የትራፊክ ፖሊስ «ኮሊዋን ውሰጂ፣ በሳምንት አንድ ቀን ታውሺኝና መስቀለኛውን ትያዝልኝ» ትላለች። ጋሼሽ ደግሞ ከጋዜጣው ቀና ሳይል «አንቺ የምትመርጪው ቡችላ አይደለም፣ እህትሽን የሚያናድዳትን ነው» አለ። ምሳውን አልሰጠሁትም። ማለቴ አቆይቼ ሰጠሁት።

እኔ ግን ነገሩን በሁለቱም በኩል አይቼዋለሁ። ባለነጠብጣቡን ብወስድ ልጄ «ደስ ይላል፣ ግን እንደ ሻለቃ አይደለም» ትላለች። ኮሊ ብወስድ «ደስ ትላለች፣ ግን ሻለቃ ይበልጣል» ትላለች። ይኼን እያሰብኩ አንድ ሱሪ ሁለቱንም እግር በግራ ቀደድኩት! ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ታየኝ። አንቺ ራስሽ ኮሊ ይዘሽ፣ ለእኔ ሲሆን ለምንድን ነው «አይሆንሽም» የምትዪኝ? አረንጓዴውን ቀሚስም «አይሆንሽም እትዬ» ብለሽ ነው የወሰድሽብኝ! ስለዚህ ኮሊዋን አልኩ። ከስድስቱ ትንሿን፣ ሴቷን፣ አንድ ጆሮዋ ቆሞ አንዱ የወደቀውን። ሁለት ወሯ ሊሞላ ሲል፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ትመጣለች። ስሟን አውጥቻለሁ፣ ጄኔራል። ሻለቃ ከጄኔራል ብዙ እርከን በታች መሆኑን ጋሼሽን ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

አሁን ልለምንሽ፣ በእናታችን። ድንቡሼ የምትለብሰው፣ ያልታጠበ ሹራብ ላኪልኝ። አርቢው እንደነገረኝ ቡችላ ሰው የምታውቀው መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነው። ከመጣችበት ቀን ጀምሮ በልጄ ጠረን ላይ አስተኛታለሁ። ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ለዕረፍት መጥታ በሩን ስትከፍት፣ ጄኔራል አብራት እንዳደገች ሁሉ ትዘልባታለች። ከዚያ እስኪ ጥላት ወዴት እንደምትሄድ አያታለሁ! ለእሷ ግን እንዳትነግሪያት።

እትዬሽ፣ ያልቀናችው

የካቲት 10

እትዬ፣

ሹራቡን በዚህ ጥቅል ልኬልሻለሁ። ግራጫው ነው። አልታጠበም። ለልጅቷም አልነገርኳትም።

እንኳን ደስ አለሽ። ትንሽ ትንሽ እያደረግሽ በቀን ሦስት ጊዜ አብያት። ስፒልና መርፌ ከወለሉ ላይ አይገኝ። አንድ ነገር ስትሰበስብ ካየሽ አትቆጫት፣ ሥራዋ ነው፤ ሌላ የምትሰበስበው ስጫት እንጂ።

አረንጓዴው ቀሚስ ይሆንሽ ነበር። ይቅርታ።

ባጭሩ ስለጻፍኩ አትቀየሚኝ፣ ፈረቃዬ ደርሷል።

ሚጡ

መጋቢት 2

መጣች! ዓርብ ዕለት መጣች፣ በጋሼሽ ኮት ኪስ ውስጥ ጭንቅላቷን አውጥታ! ያ «የፈለግሽውን አድርጊ» ያለኝ ሰውዬ መንገዱን ሙሉ እንዳይበርዳት ኮቱን በእጁ ገጥሞ ይዞ መጥቷል። አሁን ከሥራ ሲገባ እኔን አይደለም የሚጠራው፣ «ጄኔራል የት አለች?» ነው የሚለው። በዚህ አልቀናሁም፤ በምቀናባቸው ሰልፍ ላይ ቦታ የለም።

ሚጡዬ፣ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ክር የማጠነጥንባቸውን ቦቢኖቼን ከመሳቢያ አውጥታ አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ሥር ትሰበስባለች። አንዱን ብወስድባት ወለሉ ላይ ተለጥፋ ታየኛለች፣ እስክመልስ ድረስ። ትናንት የትራፊክ ፖሊሷን፣ የጎረቤቴን አሮጊትና የፖስታ አመላላሹን በሩ ጥግ ላይ አቁማ ነበር። ፖሊሷ «እጅ ሰጥቻለሁ» አለች። እግሬ ዝሏል፣ ወገቤ ተቆርጧል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሰፈሩን እዞራለሁ፣ ሠላሳ ዓመት ያላየሁትን ጎረቤት ሁሉ ተዋወቅሁ። እንዲህ ስቄ አላውቅም።

የምትተኛውም ሹራቡ ላይ ነው። አፍንጫዋን እጅጌው ውስጥ ካልከተተች እንቅልፍ አይወስዳትም።

አሁን ወደ ሹራቡ። ግራ ክርኑ ላይ ተቀዶ ተጠግኗል። እንደመጣ አላየሁትም፤ እሷ እጅጌውን ስትገለብጠው ነው ያየሁት። በመነጽር አየሁት፣ መነጽሬን አውልቄ አየሁት፣ መስኮት ላይ ይዤ አየሁት። ጥሩ ጥገና ነው። የእኔ እጅ ግን አይደለም። ያቺ ልጅ መሄድ ከጀመረችበት ቀን አንሥቶ ጉልበቷን፣ ክርኗን፣ ኪሷን የጠገንኩት እኔ ነኝ። በኔ ልጅ ክርን ላይ የማን መርፌ ነው የገባው? ያንቺ እንዳልል፣ አንቺ ቁልፍ ስትተክዪ እንኳን ከጣትሽ ጋር ትሰፊዋለሽ። ወይስ ተማርሽ? ለእሷ ብለሽ ተማርሽ?

የስፌት መኪናዬን አቁሜ ተቀመጥኩ። ጄኔራል መጣችና እግሬ ላይ አገጯን አስደገፈች።

እሺ፣ ቀንቻለሁ። ከጥር ጀምሮ ቀንቻለሁ፤ እንዲያውም ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ። ስትታመም ግንባሯን የምትዳብሺው አንቺ ነሽ፣ ክርኗ ሲቀደድ የምታዪው አንቺ ነሽ፣ እኔ የሚደርሰኝ «በነገራችን ላይ» ነው። መጋቢት ይኸው ገብቷል። አሁን ቁርጤን ንገሪኝ። እዚያ ልትቀር ነው?

እትዬሽ

መጋቢት 11

እትዬ፣

ይኼን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ሹራቡ የእኔ ነው። የእሷ አይደለም። ክርኑን የጠገነችው ድንቡሼ ናት። የትኬት መስኮቱ ጠርዝ ላይ ስደገፍ አልቆ ነበር፤ አንድ እሁድ ቀምታኝ ሰፋችው። ካንቺ ነው የተማረችው፤ ክሩን እንዳንቺ ከውስጥ ትጀምርና መጨረሻው ላይ ትቸኩላለች። ያየሽው የገዛ ልጅሽን እጅ ነው።

የእሷን ሹራብ ልልክልሽ አውጥቼ ወንበር ላይ አስቀምጬው ነበር። ሻለቃ መጥቶ ተኛበት። አነሣሁበት። ከዚያ መልሼ አነጠፍኩለትና የራሴን ጠቅልዬ ላክሁ። ምክንያቱም ልጅቷ ልትሄድ ነው። ወዳንቺ።

እዚያ ከተማ ሆስፒታል ለሥራ ያመለከተችው በጥር መጀመሪያ ነው። «ወረቀቱ እስኪመጣ ለእማ እንዳትነግሪያት፣ ከሰማች ሰፈሩን ሁሉ ትጋብዝና ሥራው ሳይሳካ ሲቀር ታፍራለች» አለችኝ። ቃል ገባሁላት። ከዚያ ያቺ ቁራጭ ወረቀትሽ መጣች፤ «እንድትቀር የመከርሻት አንቺ ነሽ?» የምትለዋ። ያኔ ልመልስልሽ አልቻልኩም፣ አሁን ልመልስ። አዎ። ባለ ፋርማሲውን ሄጄ ያናገርኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቷ አታውቅም። ቅጠሯት ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። እዚህ አልቀርም ያለችው እሷ ናት።

ባለነጠብጣቡን ውሰጂ ያልኩሽም ለደንበኞችሽ አዝኜ አይደለም። ስለ ኮሊ የነገርኩሽ ሁሉ እውነት ነው፣ የነገርኩሽ ግን ለሌላ ነው። እናቷ ቤትም ኮሊ ካለ እኔን ልትጠይቅ የምትመጣበት ምን ይቀራል ብዬ ነው። ይኼን አንድ ነገር እንኳን ለራሴ ብቻ ልያዘው አልኩ። አንቺ በየደብዳቤሽ «አልቀናሁም» ስትዪ ከረምሽ። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ልጻፈው። ቀናሁ። ቡችላሽን የገዛ ሹራቤ ላይ እስከማስተኛት ድረስ።

የሆስፒታሉ ወረቀት ዛሬ ጠዋት ደርሷል። ይኼ ደብዳቤ ሳይደርስሽ ራሷ ትደውልልሻለች። ትምህርቷ በመጋቢት መጨረሻ ያልቃል፤ የምትሳፈረው ቅዳሜ ሚያዝያ 5 ነው። በዚያ ቀን ፈረቃው የእኔ ነው። ትኬቷን ከመስኮቴ የምቆርጥላት እኔ ነኝ።

ይቅር በዪኝ።

ሚጡ

መጋቢት 18

ሥራ አገኘች! ልጄ ሆስፒታል ሥራ አገኘች! ወደ ቤት ልትመጣ ነው! ታውቂዋለሽ፣ ከእኔ በፊት ነው ያወቅሽው፣ እሱን በኋላ እንጣላበታለን፤ ግን ዝም ብለሽ ስሚኝ፣ ሥራ አገኘች! ስልኩን ይዤ ስጮህ ጄኔራል ደንግጣ ጋሼሽን፣ ወንበሩንና አንድ ግማሽ የተሰፋ ሱሪ አንድ ቦታ ሰበሰበች።

እንደምን አለሽ እህቴ? ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ሦስተኛውን ለጋሼሽ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ባለ ፋርማሲው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ወረወርኩትና አንሥቶ እሱ ጨረሰው። ተቆጥቼ ነበር፤ በጣም ተቆጥቼ ነበር። ከዚያ እሱ ወረቀቱን አጥፎ «አሁን ሁለታችሁም እኩል ናችሁ» ብሎ ቡችላዋን ሊያዞር ወጣ።

ጥገናውን መልሼ አየሁት። አዎ፣ መጨረሻው ላይ የቸኮለ ነው። አሥር ጊዜ «አትቸኩዪ፣ ክሩን ሁለት ጊዜ መልሺው» ብያታለሁ፣ አልሰማችኝም። እኔ ለልጄ እንደምጠግነው ልጄ ላንቺ ጠግናለች። ይኼ ያስቀናል ወይስ ያስደስታል? ግማሽ ግማሽ ነው። ይበልጥ ያስቀናል። ሹራብሽን ግን አልመልስልሽም፤ ጄኔራል አትለቀውም፣ እኔም ላስለቅቃት አልችልም።

አሁን የሠራሽውን ሥራ አስቢው እንግዲህ። ልጄ ሻንጣዋን ይዛ ስትገባ ጄኔራል አሽትታት ዝም ልትላት ነው። ጫማዋን ታሸታለች፣ ጅራቷን አንዴ ታወዛውዛለች፣ በቃ። አንቺ ከኋላዋ ስትገቢ ግን እንደ እብድ ዘልላ ትጠመጠምብሻለች፣ ባለቤቷ አንቺ ነሽና። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት በዚያ ልቀና ነው። ከወዲሁ አውቄ ነው የምነግርሽ፣ ፊቴን አይተሽ እንዳትከፊ። እኔ ስቀና አብሬ ደስ እንደሚለኝ ድንቡሼ ታውቃለች፣ እሷን ጠይቂ።

ስለዚህ ትኬት ሁለት ቁረጪ። ለዚያች ቅዳሜ ፈረቃሽን ለሰው ስጪ፣ ከመስኮቱ ወዲህ ውጪና ከልጄ ጋር ተሳፈሪ፤ ባቡሩ እሁድ ረፋድ ያደርሳችኋል። ሻለቃንም አምጪው፤ ለእሱም ቦታ አለ፣ ማዕረጉን ግን በሩ ላይ ይተው። የምትተኚው እኔ ጋ ነው፣ ልጅቷ የራሷ ክፍል አላት። ከልጅቷ በቀር ምን ነበረኝ ብትዪ፣ እኔ አለሁሽ፤ ከዚህ በኋላ በየወሩ ወይ እሷ ትመጣለች፣ ወይ እኔ እመጣለሁ፣ ወይ ሁለታችን እንመጣለን፤ አንቺ ትኬቱን መቁረጥ ነው።

ድንቡሼ እውነቷን ነው፣ ሰፈሩን ጠርቻለሁ። የትራፊክ ፖሊሷ ዕረፍት ወስዳለች። የጥርስ ሐኪሙ ከአንዱ ባለነጠብጣብ ጋር ይመጣል፣ ነጭ ሆኖ አይቆሽሽም፣ በዚያም ቀንቻለሁ። አርቢው ሚስቱን ይዞ ይመጣል። ጋራዡ ሠራተኛውን ሁሉ ይዞ ይመጣል፣ እጃቸውን ታጥበው። መጥሪያ አላሳተምኩም፣ በቃሌ ነው፤ እንግዲህ ይኼን የሰማ ሁሉ ይወቅ፣ እሁድ ሚያዝያ 6፣ ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ቤቴ። ማንም እንዳይቀር!